ዴልታ ካፓ ጋማ፦ የሴት መምህራን የክብር ማኅበር መዋጮው ያዋጣል ወይ?

የዴልታ ካፓ ጋማ የአባልነት ግብዣ የደረሳት መምህርት ቀድማ ማጣራት ያለባት የጋበዛት የአካባቢ ቅርንጫፍ ምን እንደሚሠራ ነው፤ ዓለም አቀፉ ማኅበር ምን እንደሚሰጥ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ማኅበሩ ከጥንስሱ ጀምሮ የተዋቀረው ሁሉ ነገር በቅርንጫፍ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ ነው። ቅርንጫፉ ንቁ ከሆነ መዋጮው ያዋጣል። ቅርንጫፉ ካንቀላፋ ግን ከላይ የሚመጣው መጽሔትም ሆነ የነፃ ትምህርት ዕድል ብዙም አይክስም። አስተያየታችን በአጭሩ ይኸው ነው። ግብዣውን እንዴት መመርመር እንደሚቻል ከመናገራችን በፊት ግን አመሠራረቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ዛሬ አባላትን የሚያስደስተውም የሚያሰለቸውም ደንብ ከዚያ የመጣ ነውና።

ማኅበሩ የተመሠረተው ቅዳሜ ሜይ 11 ቀን 1929፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 3 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲን ነው። መሥራቾቹ አሥራ ሁለት ሴቶች ሲሆኑ ጠንሳሿ ዶክተር አኒ ዌብ ብላንተን ነበሩ። ብላንተን በገጠር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምረው በዴንተን የመምህራን ኮሌጅ ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ናቸው። በ1916 (ከዚህ በኋላ ያለ «ዓ.ም.» የተጻፉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቴክሳስ መምህራን ማኅበርን ለመምራት ሲመረጡ ለቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1918 ደግሞ የክፍለ ግዛቱ የሕዝብ ትምህርት የበላይ ኃላፊ ለመሆን ተወዳድረው በሥልጣን ላይ የነበረውን ሰው አሸነፉ፤ በቴክሳስ በመላው ክፍለ ግዛት ድምፅ ተሰጥቶበት ሥልጣን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዓመት የቴክሳስ ሴቶች ድምፅ መስጠት የተፈቀደላቸው በፓርቲ የዕጩዎች ምርጫ ላይ ብቻ ነበር። ይሁንና ክፍለ ግዛቱ በአንድ ፓርቲ እጅ ስለነበር የዕጩዎቹን ምርጫ ያሸነፈ ነገሩን ጨረሰ ማለት ነው። ሴቶቹም ያችን ጠባብ በር ተጠቀሙባት።

ብላንተን በሥልጣን ላይ ሳሉ፣ በ1920፣ ትምህርት ቤቶች ከአካባቢያቸው ሊሰበስቡት የሚችሉት ግብር ላይ የነበረው ጣሪያ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲነሣ ዘመቻ መርተው ተሳካላቸው። በ1922 ለአሜሪካ ኮንግረስ ተወዳድረው አልቀናቸውም። ወደ ትምህርት ተመልሰው በ1927 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ፤ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲም የገጠር ትምህርትን አስተማሩ። ማኅበሩን ሲመሠርቱ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ሕግ እንዴት እንደሚወጣ፣ በጀት ከየት እንደሚመጣ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚሰበሰብ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

የጊዜው ችግር የታወቀ ነው። ሴት መምህራን በቁጥር ይበልጡ ነበር፤ የበላይነቱና ደመወዙ ግን የወንዶች ነበር። ብዙ ወረዳዎች ያገባችን መምህርት ያሰናብቱ ነበር። በሙያው ስም ያለው የክብር ማኅበር ፋይ ዴልታ ካፓም ሴት አይቀበልም ነበር፤ በሩን ለሴቶች የከፈተው በ1974 ነው። የብላንተን ብልሃት በዚያ በር ላይ ቆሞ ማንኳኳቱን ትቶ የራስን ቤት መሥራት ነበር።

በአሠራሩ ሦስት ነገሮች ይደነቃሉ። አንደኛ፣ መሥራቾቹ በአንድ ግቢ የሚሠሩ ጓደኛሞች ብቻ አልነበሩም። የዩኒቨርሲቲው የሴት ተማሪዎች ዲን ሩቢ ቴሪል፣ የሴቶች የአካል ማጎልመሻ ትምህርትን የመሩት አና ሂስ፣ የሥነ ልቦና ምሁሯ ሄለን ኮክ አሉበት፤ ከሕዝብ ትምህርት ቤቶች የመጡም አሉበት። ስለዚህ ማኅበሩ ገና ሲወለድ የአንደኛ ደረጃ መምህርትና ፕሮፌሰር በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት ሆነ፤ ዛሬም ጥሩ ቅርንጫፍ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ሁለተኛ፣ ዓላማው በጽሑፍ ተቀመጠ። ሰባት ነጥቦች አሉት፤ ከነሱ አንዱ ለትምህርትና ለሴት መምህራን የሚበጅ ሕግ ማመንጨትና መደገፍ ሲሆን ሌላው የነፃ ትምህርት ገንዘብ ማቋቋም ነው። ሦስተኛ፣ አወቃቀሩ ባለ ሦስት ደረጃ ሆነ፤ ከታች ቅርንጫፍ፣ ከመካከል ክፍለ ግዛት፣ ከላይ ጠቅላላው ማኅበር። ክፍለ ግዛቶቹም የግሪክ ፊደል ስም ወጣላቸው፤ ቴክሳስ የመጀመሪያዋ ስለሆነች አልፋ ናት።

በስሙ በኩል ግን ተሰናክለው ነበር። መጀመሪያ የያዙት ስም ካፓ ጋማ ዴልታ ነበር፤ ሌላ ድርጅት እንደሚጠቀምበት ሲታወቅ ፊደላቱን አዘዋውረው ዴልታ ካፓ ጋማ አሉት። ዛሬ ማኅበር ለማቋቋም የምታስቡ ካላችሁ ዓርማ ከማስቀረጻችሁ፣ ሸሚዝ ከማሳተማችሁና የባንክ ሒሳብ ከመክፈታችሁ በፊት ስሙ ያልተያዘ መሆኑን ከክፍለ ግዛቱ መዝገብ አጣሩ። ከተመዘገቡ በኋላ ስም መቀየር ሰነዱን ሁሉ እንደ አዲስ ያስጀምራል።

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። አሥራ ሁለቱም መሥራቾች ነጮች ነበሩ፤ የቴክሳስ ትምህርት ቤቶችም በሕግ በዘር የተከፋፈሉ ነበሩ። ጥቁር መምህራን ደግሞ ኦስቲንን ሳይጠብቁ ቀድመው ተደራጅተዋል። ኅዳር 3 ቀን 1915 ዓ.ም.፣ ማለትም ኖቬምበር 12 ቀን 1922፣ በኢንዲያናፖሊስ ሰባት ወጣት መምህራን በሜሪ ሉ አሊሰን ጋርድነር ሊትል መሪነት ሲግማ ጋማ ሮን አቋቋሙ። በዓመቱ፣ በ1923፣ በጀርዚ ሲቲ ግላዲስ ሜሪት ሮስና ጓደኞቻቸው የጥቁር ሴት መምህራንን ማኅበር ፋይ ዴልታ ካፓን መሠረቱ፤ ስሙ ይመሳሰል እንጂ ከላይ ሴት አይቀበልም ካልነው የተለየ ነው። ሴት መምህራንን ለማደራጀት ቀዳሚው ዴልታ ካፓ ጋማ ነው የሚል ካጋጠማችሁ እነዚህን ሁለቱን አስታውሱት።

አሁን ወደ ግብዣው።

ዴልታ ካፓ ጋማ ገበያ ወጥቶ አባል አይመዘግብም። አንዲት አባል ስምሽን ታቀርባለች፣ ቅርንጫፉ ይነጋገርበታል፣ ከዚያ ግብዣው ይላካል። ስትቀበዪ መዋጮ ትከፍያለሽ፣ ስለ ማኅበሩ ማብራሪያ ይሰጥሻል፣ በሥነ ሥርዓት ትገቢያለሽ። በትምህርት ሥራ ላይ ያለች ወይም ከሥራው በጡረታ የወጣች ሴት ትጋበዛለች፤ ክፍል ውስጥ ማስተማር ግዴታ አይደለም፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ አማካሪ፣ ርዕሰ መምህርት ሁሉ ይገባሉ። ለመምህርነት ለሚማሩ የኮሌጅ ተማሪዎችም የተለየ የአባልነት ዓይነት አለ።

በግብዣ መግባት ክብር አለው፤ ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። ሰው የሚጋብዘው የሚያውቀውን ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት ሦስት አባላት ካሉ አራተኛዋም ከዚያው ትመጣለች፤ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ግን አንድም አባል ሳያወጣ ዓመታት ያልፋሉ። በቅርብ ከሌላ አገር የመጣች፣ በረዳት መምህርነት የጀመረች፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቶሎ ወደ ቤቷ የምትሮጥ መምህርት ጎበዝ ብትሆንም ዓይን ውስጥ አትገባም። መፍትሔው ፍላጎትን በግልጽ መናገር ነው። በትምህርት ቤቱ ወይም በወረዳው ያለችን አባል ፈልጎ «ስለ ማኅበራችሁ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ስብሰባችሁን በእንግድነት ማየት ይቻላል?» ማለት ነውር የለውም። አብዛኛው ቅርንጫፍ አዲስ ሰው ስለሚያስፈልገው ደስ ይለዋል። ጠይቃችሁ ፊት የሚነሣችሁ ካለ ደግሞ ስለ ቅርንጫፉ የምትፈልጉትን መረጃ በነፃ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ግብዣ የሚበላሽበት ሌላው መንገድ ተራ ነገር ነው። ደብዳቤው በትምህርት ቤት አድራሻ ይላክና የክረምት ዕረፍት ይገባል፤ ወይም በኢሜይል ይመጣና የግሪክ ፊደላቱን ያየች መምህርት ማጭበርበሪያ መስሏት ታጠፋዋለች። ትክክለኛ ግብዣ የቅርንጫፉን ስም፣ የጋበዘችውን አባል ስምና የስብሰባውን ቦታ ይይዛል። እነዚህን ሳይዝ በቀጥታ የካርድ ቁጥር የሚጠይቅ መልእክት ከመጣ አትክፈሉ፤ ጋበዘች የተባለችውን ሰው ደውላችሁ አጣሩ።

ስለ ገንዘቡ ግልጽ መሆን ያለበት የምትከፍሉት አንድ መዋጮ ቢመስልም በውስጡ ሦስት መዋጮ እንዳለ ነው፤ የዓለም አቀፉ፣ የክፍለ ግዛቱና የቅርንጫፉ። የመጀመሪያው የሚወሰነው ከላይ ነው፤ ሁለቱ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ስለዚህ በሌላ ከተማ ያለች ጓደኛችሁ የነገረቻችሁ ቁጥር ለእናንተ አይሠራም። ብዙዎችን የሚያስቆጣው ከመዋጮው ይልቅ ከመዋጮው ውጭ ያለው ነው። የስብሰባ ቀን ምሳ ማን ይከፍላል? በልብስ ላይ የሚሰካውን የአባልነት ዓርማ መግዛት ግዴታ ነው? ለነፃ ትምህርት ገንዘቡ የሚደረገው ጨረታና ዕጣ በዓመት ስንት ጊዜ ነው? ወደ ክፍለ ግዛት ጉባኤ የሚሄድ ሰው የሆቴሉን ወጪ ቅርንጫፉ ይጋራል? ገንዘብ ያዧን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሒሳቧን በሥርዓት የያዘች ገንዘብ ያዥ በአንድ ገጽ ትመልስላችኋለች። «ብዙ አይደለም፣ አታስቢ» የሚል መልስ ከመጣ የዓመቱን በጀት እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ። ቅርንጫፉ በጀት ከሌለው ይቅርባችሁ።

በምላሹ የሚገኘው ምንድን ነው? በትክክል ከፍ ያለ ዋጋ ያለው የድኅረ ምረቃ ነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ዓለም አቀፉ ማኅበር ለአባላቱ ይሰጣል፤ ክፍለ ግዛቶችም የራሳቸው አላቸው፤ ቅርንጫፎች ደግሞ ለመምህርነት ለሚማሩ ወጣቶች ትናንሽ ድጋፎችን ያደርጋሉ። የሚወዳደረው ሰው ቁጥር ከላይ ወደ ታች ስለሚያንስ ከታች መጀመር ይሻላል። ማመልከቻ የሚወድቅበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ የውጤት ማነስ አይደለም፤ በማኅበሩ ውስጥ የሠሩት ነገር ሳይኖር ማመልከት ነው። ገምጋሚዎቹ ኮሚቴ መርተሽ እንደሆነ፣ ፕሮግራም አዘጋጅተሽ እንደሆነ ያያሉ። ስለዚህ ማስተርስ ለመጀመር ያሰበች መምህርት ማመልከቻው ከመድረሱ አስቀድማ ገብታ አንድ የሚታይ ሥራ መያዝ አለባት። ማመልከት የሚቻለው ከስንት የአባልነት ጊዜ በኋላ እንደሆነም ከመግባቷ በፊት ትጠይቅ።

ከዚህ ሌላ የተፈጥሮ አደጋ ለደረሰባቸው አባላት የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ አለ። ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ መጥተው በእነዚሁ አገሮች ለሚማሩ ሴቶች በአባላት መዋጮ የሚደገፍ የዓለም ወዳጅነት ፈንድ አለ፤ ይህኛው አባል ላልሆኑ ተማሪዎች የሚሰጥ ስለሆነ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ እኅቶቻችን ሊያውቁት ይገባል። የማኅበሩ መጽሔት በመምህራን የተጻፉ ጽሑፎችን ያወጣል፤ በሙያ መጽሔት ላይ መጻፍ መጀመር ለምትፈልግ ጥሩ መለማመጃ ነው። ስብሰባ መምራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ በጀት ማቅረብ የሚማሩበትም ነው። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ርዕሰ መምህርት ለመሆን ለምትዘጋጅ ሴት ግን ሃምሳ ሰው ፊት የውሳኔ ሐሳብ አቅርቦ፣ ማሻሻያ ተቀብሎ፣ ድምፅ አስቆጥሮ መጨረስ በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

የማይሰጠውንም እንናገር። የሠራተኛ ማኅበር አይደለም። ደመወዝ አይደራደርም፤ ወላጅ ሲከስሽ ጠበቃ አያቆምልሽም፤ ከአለቃሽ ጋር ስትጋጪ ጣልቃ አይገባም። ለዚያ የመምህራን የሠራተኛ ማኅበራት አሉ። ሁለቱን መዋጮ አንድ ላይ መክፈል የማትችል መምህርት ቅድሚያ ለሥራዋ ዋስትና ለሚሆነው ትክፈል ባዮች ነን። ዕድርም አይደለም፤ ሐዘን ሲደርስ የሚመጡ እኅቶች ይኖራሉ፣ በደንብ የተወሰነ ክፍያ ግን አይጠበቅ።

ስብሰባውን በእንግድነት ስታዩ የሚከተለውን ታዘቡ። ማኅበሩ የሚመራው በሮበርት የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ደንብ ስለሆነ ምልዓተ ጉባኤ ይቆጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል፣ የገንዘብ ሪፖርት ይቀርባል። ይህ በሃያ ደቂቃ ካለቀና የቀረው ጊዜ ለሙያ ፕሮግራም ከዋለ ቅርንጫፉ ጤነኛ ነው። ሪፖርቱ ሰዓቱን በልቶ ፕሮግራሙ ወደ ምሳ ሰዓት ከተገፋ፣ ቀድሞ በኢሜይል የሚላክ ነገር የለም ማለት ነው፤ ይህም አመራሩ የሥራ ላይ አባላትን ጊዜ እንደማያስብ ያሳያል። ስብሰባው በሥራ ቀን ከሰዓት በፊት ከሆነ ደግሞ ቅርንጫፉ የጡረተኞች ሆኗል። ጡረተኞችን ማቃለላችን አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት የምታውቀው በየትኛውም ሥልጠና አይገኝም። ችግሩ ክፍል ውስጥ ያለችው መምህርት መገኘት ስለማትችል ነው። ሁለት ጊዜ ትቀራለች፣ ሦስተኛውን ታፍራለች፣ በዓመቱ መዋጮዋን ሳትከፍል ትቀራለች። ከየቅርንጫፉ ወጣቶች የሚጠፉት በአብዛኛው እንዲህ ነው። የምሽት ወይም የኢንተርኔት ስብሰባ በተራ የሚያደርጉ ቅርንጫፎች ይህን ቀዳዳ በከፊል ደፍነውታል።

የሥልጣን ዘመን ሁለት ዓመት ነው። ዓለም አቀፉ ጉባኤ በጥንድ ቁጥር ዓመታት ይካሄዳል፤ አመራርም የሚቀየረው በዚያው ዙር ነው። ለመግባት የምንመርጠው ጊዜ አዲስ አመራር በያዘ ማግሥት ያለው መኸር ነው፤ ኮሚቴ የሚዋቀረው ያን ጊዜ ስለሆነ አዲስ ሰው ሥራ ያገኛል። በዙሩ አጋማሽ የገባች ሴት ሁሉ ቦታ ተይዞ ታገኝና ከኋላ ወንበር ታጨበጭባለች። ገንዘብ ያዧና ሰብሳቢዋ ከዙር ዙር ወንበር እየተቀያየሩ የሚቀጥሉበት ቅርንጫፍ ካጋጠማችሁ ግን መቼም ብትገቡ ለውጥ የለውም።

ሌሎቹን ማኅበራት በአጭሩ። አልፋ ዴልታ ካፓ በ1947 በሚዙሪዋ ካንሳስ ሲቲ በአግነስ ሺፕማን ሮበርትሰን መሪነት የተመሠረተ የሴት መምህራን ማኅበር ነው፤ እሱም በግብዣ ነው የሚገባው፤ ወደ በጎ አድራጎት ያደላል፣ የቅዱስ ጁድ የሕፃናት ሆስፒታልን ይደግፋል። በሁለቱ መካከል መምረጥ ካለባችሁ ለመኖሪያችሁ የሚቀርበውንና የሚንቀሳቀሰውን ምረጡ፤ የቀረው ልዩነት በተግባር ብዙም አይሰማም።

ሲግማ ጋማ ሮ ግን ሌላ ዓይነት ነው። መምህራን ቢመሠርቱትም ዛሬ በየሙያው ያሉ ሴቶችን ይዟል። ከአራቱ ታላላቅ የጥቁር ሴቶች ሶሮሪቲዎች (ከኮሌጅ የሚጀምሩ የእኅትማማች ማኅበራት) ሦስቱ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረቱ ይህ ብቻ ነጮች በሚበዙበት በበትለር ዩኒቨርሲቲ ሥር ሰደደ፤ የአልፋ ቅርንጫፉን ፈቃድ ያገኘው በ1929 መጨረሻ ነው። ኢንዲያና በዚያን ጊዜ የነጭ የበላይነት አራማጁ ኩ ክሉክስ ክላን የተንሰራፋበት ምድር እንደነበረ ሲታሰብ መሥራቾቹ የከፈሉት ዋጋ ይገባናል። እዚህ መግባት የዕድሜ ልክ መታወቂያ ነው፤ በወር አንድ ስብሰባ ለሚበዛባት ሴት አይሆንም።

በፍለጋ የሚያሳስት ስም ደግሞ ፋይ ዴልታ ካፓ ነው። የጀርዚ ሲቲው የጥቁር ሴት መምህራን ማኅበርና ቀድሞ ለወንዶች ብቻ የነበረው የትምህርት ባለሙያዎች ድርጅት ያንኑ ስም ይዘዋል። የሴቶቹ በሙሉ ስሙ ላይ «ብሔራዊ ሶሮሪቲ» የሚል አለበት። ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት እሱን እዩ፤ የተላከ ክፍያ ማስመለስ ወራት ይፈጃል።

ቀድማ አባል ሆና ቤት የምትቀይር መምህርት ካለች ደግሞ አንድ ነገር ትያዝ። አባልነቱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወራል፤ ነገር ግን አዲሱ ቅርንጫፍ መምጣቷን በራሱ አያውቅም። ከመሄዷ በፊት የዝውውር ጥያቄዋን ታስገባ፣ የዓመቱን መዋጮ የከፈለችበትን ደረሰኝ ትያዝ፣ የትምህርት ቤት ኢሜይሏን በግል ኢሜይል ታስቀይር። ሥራ ስትለቅ የትምህርት ቤቱ ኢሜይል ይዘጋል፤ የመዋጮ ማስታወቂያው ወደ ተዘጋው ሳጥን ይሄዳል፤ ስሟም ባለመክፈል ይሰረዛል። የተሰረዘ አባልነት መመለስ ይቻላል፤ ለማስመለሱ የምትጽፈው ግን ለዓለም አቀፉ ቢሮ ሳይሆን ልትገባበት ላሰበችው ቅርንጫፍ የአባልነት ኮሚቴ ነው።